ተራ ኢምፕ እንዴት አድርጎ ነው ባለስም ፊንድ የሚሆነው? ዲኤሞች እርዱኝ

ናቲ20፦

ሰላም ቤተሰብ። አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነው የመጣሁት። ዲኤንዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ፣ ዳይስ እየጣልን ታሪክ የምንተውንበት የጠረጴዛ ጨዋታ) አምስተኛውን እትም ነው የምንጫወተው፣ ዲኤሙ (ተራኪው) እኔ ነኝ፣ አርብ አርብ ማታ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ፣ አምስት ነን፣ ዳይስ ያለን አንድ ከረጢት ብቻ ስለሆነ እየተቀባበልን ነው የምንጥለው፣ ልጆቹ አሁን ሌቨል 9 ደርሰዋል።

ገና ሌቨል 3 እያሉ አንድ ጠንቋይ ቤት ውስጥ ጠርሙስ ውስጥ የታሸገ ኢምፕ (ትንሽዬ ሰይጣን) አገኙ። መግደል ሲችሉ ሲቀልዱበት አመሹ፣ "ጋሽ ጭሱ" ብለው ስም አወጡለት፣ በመጨረሻ ሮጋችን (ሌባዋ ገጸ ባህሪ፣ እህቴ ነች የምትጫወታት) አዘነችለትና ቡሹን ነቅላ ለቀቀችው። እኔም ከዛ በኋላ ረሳሁት። አሁን ደሞ የካምፔይኑ (የረጅሙ ታሪካችን) ዋና ጠላት ሲያስፈልገኝ ጋሽ ጭሱ ተመልሶ ቢመጣስ የሚል ሀሳብ መጣና አልለቅ አለኝ።

ችግሩ ኢምፕ ማለት 10 ሂት ፖይንት (የህይወት ነጥብ) ያለው ነገር ነው፣ በጥፊ ይሞታል። ፒት ፊንድ የሚባለው ትልቁ ደሞ 300። ስታት ብሎክ (የፍጡሩን ቁጥሮች) መቀየር አይደለም ያቃተኝ፣ እሱን በአምስት ደቂቃ እሰራዋለሁ፣ ግን ልጆቹ "ይሄ ሰውዬ እንዴት እዚህ ደረሰ?" ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፣ "ሌቨል አፕ አደረገ" ብዬ ልመልስ አልችልም። በሎሩ (በጨዋታው ዓለም ታሪክ) መሰረት አንድ ተራ ፊንድ (እርኩስ ፍጡር) ከብዙሃኑ ወጥቶ እንደ ኦርከስ እንደ ዛሪኤል በስሙ የሚታወቅ፣ አንድ ለእናቱ የሆነ ነገር የሚሆነው በምን መንገድ ነው?

ሊቀ_ጎብሊን፦

ጋሽ ጭሱ ሃሃሃሃ ስሙ ብቻውን ካምፔይን ነው።

ናቲዬ ሲጀመር ፊንድ የጅምላ ስም ነው፣ ውስጡ ዴቭል አለ፣ ዲመን አለ፣ ዩጎሎዝ አለ፣ ሦስቱም ከፍ የሚሉበት መንገድ ለየቅል ነው። ኢምፕ ዴቭል ነው ስለዚህ ያንተ መልስ ናይን ሄልስ (ዘጠኝ እርከን ያለው ሲኦል) ውስጥ ነው ያለው፣ እዛ ደሞ ኃይል ማለት ሹመት ማለት ነው። ፒት ፊንዱ ጠንካራ ስለሆነ አይደለም ጄኔራል የሆነው፣ ይሾም ስለተባለ ነው ያ ገላ የተሰጠው። ገላው ራሱ ማዕረጉ ነው። ሲሻር ገላውም አብሮ ይነጠቃል።

ከታች ብንጀምር፣ ክፉ ሰው ይሞትና ነፍሱ እዛ ስትወርድ ለሙር ትሆናለች። ለሙር ማለት የቀለጠ ሻማ የመሰለ፣ ስሙንም ያለፈ ህይወቱንም የረሳ የሚንፏቀቅ ስጋ ነው። አለቃው ለስራ ሲፈልገው ኢምፕ ያደርገዋል፣ ከዛ በላይ ስፓይንድ አለ፣ ቢርድድ አለ፣ ባርብድ፣ ቦን፣ ሆርንድ፣ አይስ ዴቭል፣ እያለ ፒት ፊንድ ድረስ። መዝለል አለ፣ መውረድም አለ፣ ትላንት ሆርንድ የነበረ ዛሬ ለሙር ሆኖ ሊያድር ይችላል። በድሮው ሎር እንደውም አይስ ዴቭሉ ወደ ፒት ፊንድ ሲያድግ ፍሌጌቶስ በሚባለው አራተኛው እርከን ላይ ያለ የእሳት ጉድጓድ ውስጥ 1001 ቀን ይነከራል። ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ነው እኮ፣ በበረዶ የኖረ ፍጡር እሳት ውስጥ፣ ሹመቱን ለማግኘት። ደጅ ጥናት አይሉህም ይሄን።

ግን ልብ በል፣ ፒት ፊንድም ቢሆን ተራ ነው። ስንት አለ መሰለህ። ከተራው የሚለየው ወይ መሬት ነው ወይ ቢሮ። መሬት ያላቸው የዘጠኙ እርከኖች ገዢዎች ናቸው፣ ዲስፓተር ዲስ ላይ፣ ማሞን ሚናውሮስ ላይ፣ ሜፊስቶፌሊስ ካኒያ ላይ ምናምን፣ ከሁሉም በታች ነሰስ ላይ አስሞዴዎስ ራሱ ተቀምጧል። እና ይሄ መሬት ርስት አይደለም፣ ጉልት ነው። ሰጪውም ነሺውም አስሞዴዎስ ነው። ቢሮ ያላቸው ደሞ ለምሳሌ ዳርክ ኤይት የሚባሉት ስምንት ፒት ፊንዶች ናቸው፣ መሬት የላቸውም ግን የብለድ ዋርን (ከዲመኖች ጋር ያለውን ጦርነት) ስራ የሚመሩት እነሱ ናቸው፣ ባልዜፎን የስንቅና ትጥቅ ኃላፊ ነው፣ ዛኤቦስ የሚባለው ደሞ የእድገት ጉዳይ ኃላፊ። አዎ ሲኦል ውስጥ የእድገት ኮሚቴ አለ፣ ይሄን ሳነብ መስሪያ ቤታችን ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሁለት ታሪክ ልንገርህ ሹመቱ እንዴት እንደሚገኝና እንደሚጠፋ እንድታይ። ቤል የሚባል አለ፣ ከታች ተነስቶ ፒት ፊንድ የደረሰ ወታደር። አለቃው ዛሪኤል ነበረች፣ አቨርነስን (የመጀመሪያውን እርከን) የምትገዛው። በሦስተኛው እትም ሎር ገልብጧት ወህኒ ከተታት፣ ከዛ ኃይሏን ከራሷ ላይ እየመጠጠ ነው ልክ እንደ አርክዴቭል (የእርከን ጌታ) የሆነው፣ ሹመቱ ሲጸድቅለት እንኳን ሌሎቹ ጌቶች ወታደር ብለው ይንቁት ነበር። በአምስተኛው እትም ደሞ ተገልብጧል፣ ዛሪኤል ወንበሩ ላይ ናት፣ ቤል ለሷ መሳሪያ እየቀጠቀጠ ነው፣ ዓይኑ ግን ከወንበሩ ላይ አልተነሳም።

ሁለተኛዋ ማላጋርድ ናት። ዴቭልም አይደለችም፣ ናይት ሃግ (ጠንቋይ አሮጊት ፍጡር) ናት። የማልቦልጅ እርከን ገዢ የነበረውን ሞሎክን ስትመክረው ከርማ፣ አስሞዴዎስ ፊት ይቅርታ እንዳይጠይቅ አሳምና አስባረረችው፣ እሷ ወንበሩን ወረሰች። ጎበዝ አይደለች? ከዛ አስሞዴዎስ ልጁን ግላስያን መሾም ሲያምረው የሴትየዋ ሰውነት ማበጥ ጀመረ፣ አብጦ አብጦ ፈነዳና ምድሩን ሁሉ ሸፈነው፣ ዛሬ የግላስያ ቤተ መንግስት ያለው የማላጋርድ የራስ ቅል ውስጥ ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት እዛ ቢሄድ ህገ መንግስት ያደርጉታል።

ስለዚህ ስለ ጋሽ ጭሱ "እንዴት ጠነከረ" ብለህ አትጠይቅ። "ማን ሾመው፣ የማን ወንበር ላይ" በል።

ሀያ_ሁለት_ማዞሪያ፦

ሎር ሎር ትላላችሁ፣ ዝም ብለህ የፒት ፊንድ ስታት ላይ ጋሽ ጭሱ ብለህ ጻፍበት አለቀ። ማንም አይጠይቅህም።

ናቲ20፦

@ሀያ_ሁለት_ማዞሪያ እህቴን አታውቃትም ወንድሜ። ባለፈው የአንድ ድልድይ ጠባቂ ደሞዝ ማን እንደሚከፍለው ሃያ ደቂቃ አከራክራኛለች።

@ሊቀ_ጎብሊን በጣም አመሰግናለሁ እህቴ፣ "ገላው ራሱ ማዕረጉ ነው" የምትለዋን ኮፒ አድርጌያታለሁ። ግን አንድ ነገር፣ እንዲህ ከሆነ ሁሉም ነገር አስሞዴዎስ እጅ ላይ ነው ማለት ነው፣ ትንሽ ጋሽ ጭሱን ባሪያ አያደርገውም? እኔ ደሞ በራሱ የተነሳ እንዲመስል ነበር የፈለግሁት።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ባርድ፦

በራሱ የተነሳ ከፈለግክማ ዲመን አድርገው ብሮ፣ ዴቭል ቢሮክራሲ ነው፣ ዲመን ሽፍታ ነው። (ከዚህ ሜሪላንድ ሆኜ ቅዳሜ ጠዋት በዲስኮርድ ነው የምጫወተው፣ ግማሹ ፓርቲ አዲስ አበባ ነው፣ እነሱ ጋ ማታ ሲሆን እኔ ገና ቡና እያፈላሁ ነው፣ ስለዚህ እንቅልፌ ካልለቀቀኝ ይቅርታ።)

የዲመኖቹ መኖሪያ ጥልቁ፣ ማለትም አቢስ (አንድ ጓደኛዬ እስከዛሬ አቢሲኒያ ነው የሚመስለው)፣ በሎሩ 666 እርከን አለው ይባላል፣ እና ሹመት የሚባል ነገር የለም። ማንም ማንንም አይሾምም። ነፍሱ ወርዳ ማኔ ትሆናለች፣ ከለሙር ብዙም የማይሻል፣ ከዛ በልቶ ወይ ተበልቶ ነው። የገደለ፣ የበላ፣ ያልተበላ ያድጋል፣ ቅርጹም አብሮ ይቀየራል፣ ማንም ፊርማ ሳያኖርበት። ቦታው ራሱ ህይወት ያለው ነገር ነውና አንዱ በጣም ሲበረታ እርከኑ ራሱ ይቀበለዋል፣ ምድሩ የሱን ጠባይ መያዝ ይጀምራል። የጁቢሌክስና የዙግሞይ እርከን ለምን አተላና ሻጋታ የሆነ ይመስልሃል፣ አንዱ አተላ ነው አንዷ ፈንገስ ናት፣ እርከኑ እነሱን መሰለ።

ምርጡ ምሳሌ ኦርከስ ነው። በድሮው ሎር ሰው ነበር፣ ክፉ ሰው፣ ሞተ፣ ነፍሱ ጥልቁ ውስጥ ወደቀች፣ ከዛ ትል ከሚያህል ነገር ተነስቶ ደረጃ በደረጃ እየገደለ የሙታን ጌታ ሆነ። ጉዞው እዛ አላበቃም፣ ኪያራንሳሊ የምትባል የድራው (የጨለማ ኤልፎች) አምላክ ገደለችው፣ ስሙን ሁሉ ከዓለም ለማጥፋት ሞከረች። ምን ሆነ? ተመልሶ መጣ። ቴነብረስ ተብሎ ከሞት ተነሳ፣ በኋላም የቀድሞ ስሙንና ወንበሩን አገኘ። ሁለት ጊዜ ሞቶ ሁለት ጊዜ የወጣ፣ አንድም ሰው ሳይሾመው። በዚህ ዘመን ስታት ብሎኩ ቻሌንጅ ሬቲንግ (የአስቸጋሪነት ደረጃ) 26 ነው፣ ግን ቁጥሩን ተወው፣ ያንን የህይወት ታሪክ ይዞ 5 ቢሆንም እፈራዋለሁ።

የዲመኖች ልዑል የሚለው ማዕረግ ራሱ በደም ነው የሚተላለፈው። መጀመሪያ ኦቦክስ ኦብ የሚባል ነበር፣ የትርምስ ንግስቲቱ ገደለችውና ማዕረጉን ለሚስካ ሰጠች፣ ሚስካን የንፋስ መኳንንቱ በሰባት ቁራጩ ዘንግ ወግተው ከዓለም ሲያስወጡት ወንበሩ ባዶ ቀረ፣ ዴሞጎርጎን ገብቶ ተቀመጠ። እስካሁን ኦርከስና ግራዝት "የኔ ነው" እያሉ ይጣሉታል።

አሁን ለናቲ የሚጠቅመው ነገር መጣ፣ ግራዝት። በአራተኛው እትም ሎር ዴቭል ነበር፣ አስሞዴዎስ ጥልቁን ወረህ ያዝልኝ ብሎ ላከው፣ ያዘ፣ ግን መልሶ አላስረከበም፣ እዛው ቀረና ዲመን ሆነ። ሸፈተ በቃ። ሦስት እርከን ይዞ አዝዛግራት ብሎ ተቀምጧል። ስለዚህ ጋሽ ጭሱ ከሲኦል ኮብልሎ ጥልቁ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ኢምፕ ነው ማን ያየዋል፣ ሳይታይ መንቀሳቀስ ደሞ ስራው ነው፣ ተሰውሮ ትላልቆቹ ሲተራረዱ የወደቀውን እየለቀመ እየበላ።

ሊቀ_ጎብሊን፦

@ሲልቨር_ስፕሪንግ_ባርድ አይ ይሄ ቆንጆ ነው፣ ግን ኢምፕነቱን አጣህበት። ኢምፕ ማለት እኮ ውል አዋዋይ፣ ጆሮ ላይ ሹክ ባይ ነው። እሱን ጥርስና ጥፍር አድርገህ ብታመጣው ልጆቹ ጋሽ ጭሱ መሆኑን በምን ያውቃሉ? ዲመን ሲያድግ ከራሱ ይርቃል፣ ዴቭል ሲያድግ ያው ራሱ ነው፣ የሚጨምረው ማህተም ብቻ ነው።

በነገራችን ላይ የድሮ መጽሐፍ የምትገልጡ ልጆች፣ ባቴዙና ታናሪ የሚሉ ቃላት ካያችሁ እነዚሁ ዴቭልና ዲመን ናቸው። ሁለተኛው እትም በ1989 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ "ልጆቻችንን ሰይጣን እያስመለኩብን ነው" የሚል ጩኸት በዝቶ ስለነበር ኩባንያው ቃላቶቹን አወጣቸው፣ ቆይቶ በሌላ ስም መለሳቸው። የፈረንጅ ወላጅ ብቻ አይደለም፣ እናቴ የኔን መጽሐፍ ሽፋን ያየች ቀን ጸበል ረጭታበት ገጾቹ እስከዛሬ ተጣብቀዋል፣ ሱኩበስ የሚለው ገጽ አይከፈትም።

ባለ_ክታቡ፦

የእናትሽ ጸበል ገጹን መርጦ ነው ያጣበቀው እህቴ።

እኔ ከሁለታችሁም ለየት ያለ ነገር ልጨምር፣ ስም። ሹመትም በሉት ሽፍትነት፣ ሎሩ ውስጥ ሁሉም ፊንድ ላይ የሚሰራ አንድ ነገር እውነተኛ ስም ነው። እውነተኛ ስሙን የያዘ ሰው ይጠራዋል፣ ያዘዋል። ዩጎሎዞች ላይ ደሞ ጉዳዩ በጣም ግልጽ ነው፣ ናይት ሃጎች ሲፈጥሯቸው ስማቸውን አራት መጽሐፍ ላይ መዘገቡ፣ መጽሐፎቹ ሲጠፉ ነው ዩጎሎዞቹ ነጻ ወጥተው ለከፈላቸው ሁሉ የሚዋጉ ቅጥረኞች የሆኑት። ጡንቻቸው አልጨመረም እኮ። መዝገቡ ነው የጠፋው።

ይሄ ነገር ለኛ ደሞ እንግዳ አይደለም። አስማት የሚለው ቃል ራሱ በግዕዝ "ስሞች" ማለት ነው። አያቶቻችን አንገታቸው ላይ ያሰሩት ክታብ ውስጥ የሚጻፈው ስም ነው፣ መርበብተ ሰሎሞን ላይ ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ ያጠመደበት ስም። ፈረንጆቹ ዲኤንዲ ውስጥ ሲያስገቡት እንደ አዲስ ነገር ሰማነው እንጂ ደብተራው ድሮም ያውቀዋል።

አስሞዴዎስም ቢሆን ከዲኤንዲ አልመጣም፣ መጽሐፈ ጦቢት ላይ አለ፣ የሳራን ሰባት ባሎች የገደለው። በዓሣ ልብና ጉበት ጭስ ተባሮ ግብጽ ድረስ ሸሸ፣ መልአኩ ሩፋኤል ተከትሎት ሄዶ አሰረው። በጭስ ነው የተባረረው ልብ በሉ፣ ጭስ! ናቲ ይሄን ካልተጠቀምክበት ዲኤምነትህን መልስ።

እና ወደ ጥያቄህ ስመለስ፣ ለሙር ስሙን ረስቶ ነው የሚጀምረው ተብሏል አይደል። ኢምፕህም ጠርሙስ ውስጥ ሲገኝ ስም አልነበረውም። ስም ያወጡለት ማናቸው? ፕሌየሮችህ። አስሞዴዎስም አላወጣለት፣ አለቃውም አላወጣለት። ሰማይም ሲኦልም ያልመዘገበው ስም ያለው ብቸኛው ዴቭል እሱ ነው ማለት ነው፣ ማንም መዝገብ ገልጦ ሊያዘው አይችልም። ከልጆቹ በስተቀር።

ናቲ20፦

ቆይ

ቆይ ቆይ ቆይ

ጸጉሬ ቆመ እኮ።

ካርላክን_ሚስቴ_ናት፦

ሰላም፣ እኔ ዲኤንዲ በወረቀት ተጫውቼ አላውቅም፣ ባልዱርስ ጌት 3 የሚባለውን የዲኤንዲ ቪዲዮ ጌም ብቻ ነው፣ ግን ጥያቄ ነበረኝ። ራፋኤል የሚባለው ሰውዬ በየትኛው ነው የሚመደበው? ሹመት ነው ወይስ ሽፍታ?

ባለ_ክታቡ፦

ራፋኤል የሜፊስቶፌሊስ ልጅ ካምቢየን ነው፣ ግማሽ ሰው፣ ስለዚህ በመሰላሉ ወጥቶ የአባቱን ወንበር መድረስ አይሆንለትም። ለዛ ነው የካርሰስን ዘውድ እንዲህ የሚለማመጠው፣ ከአባቱ ካዝና የተሰረቀውን ዘውድ ማለት ነው፣ በሹመት ያልተሰጠውን በእቃ ሊያገኘው። ቤቱ ውስጥ ስትገጥመው ደሞ ያየኸው እንደሆነ ኃይሉ ከራሱ አይደለም፣ ምሰሶዎቹ ውስጥ ካሰራቸው ነፍሶች ነው፣ ምሰሶውን ስትሰብርበት ይደክማል። እኔን ግን ሁሌ የሚያስቀኝ ስሙ ነው። ጳጉሜ 3 ዝናብ ላይ የምንታጠብለት መልአክ፣ አስሞዴዎስን ያሰረው ሩፋኤል፣ ጌሙ ውስጥ ሄዶ ውል አስፈራሚ ዴቭል ሆኖ ቁጭ አለ።

ሀያ_ሁለት_ማዞሪያ፦

እሺ ተሸነፍኩ፣ የስሙ ነገር አሪፍ ነው። ግን እኔ ብሆን ሂት ፖይንቱን 10 ላይ እተወዋለሁ። ምንም አልጨምርም። በጥፊ ይሙት። ግን ከተማው ውስጥ ያለ ውል ሁሉ በሱ ስም የተፈረመ ይሁን፣ እሱ ከሞተ የከንቲባው ነፍስ፣ የአንጥረኛው ልጅ፣ የፓላዲኑ (የቅዱሱ ተዋጊ) መምህር፣ ሁሉም ውል ወደ አለቃው ይዛወር። በሉ አሁን ግደሉት።

ሊቀ_ጎብሊን፦

@ሀያ_ሁለት_ማዞሪያ አንተ ነህ "ስሙን ጽፈህበት አለቀ" ያልከው? ይሄ እኮ ከሁላችንም ይበልጣል። ቢሮም አለው፣ ኢምፕነቱም አልጠፋም፣ ከአስሞዴዎስም ጋር ሳይጣላ ነው። አንድ ነገር ብቻ ናቲ፣ ዴቭል ከናይን ሄልስ ውጪ ቢገደል እውነተኛ ሞት አይሞትም፣ እዛው ሄዶ እንደገና ይፈጠራል። ስለዚህ ልጆቹ ተናደው ቢገድሉትም ሌላ ቀን ይመጣል፣ የከተማው ሰው ነፍስ ግን ሄዳለች። ጨካኝ ነው፣ ወድጄዋለሁ።

ናቲ20፦

ሪፖርት ይዤ መጥቻለሁ፣ ትላንት ተጫወትን።

ሁሉንም ቀላቀልኩት። ጋሽ ጭሱ የከተማው ውል መዝጋቢ ሆኖ መጣ፣ ያቺው ጉንዳን የምታህል ገላ፣ 10 ሂት ፖይንት፣ ግን ከሱ የሚበልጥ የሰም ማህተም በሁለት እጁ ተሸክሞ፣ ከኋላው ሁለት ሆርንድ ዴቭል ወረቀት ይዘውለት ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ ወጣና ሮጓን አይቶ "እንዴት ከረምሽ ልጄ፣ ውለታሽን አልረሳሁም" አላት። ሁሉም ጸጥ አለ። ፓላዲናችን ሰይፉን ሊመዝ ሲል የመምህሩን ፊርማ አሳየሁት፣ መልሶ ከተተው። ተሳካልኝ ብዬ ውስጥ ውስጡን ስጨፍር እህቴ የካራክተር ሺቷን ትፈልግ ጀመር። ያቺ ቡና የፈሰሰባት ወረቀት፣ ጀርባዋ ላይ በእርሳስ፣ ከገመድና ከሻማ ቀጥሎ፣ ከሌቨል 3 ጀምሮ የተጻፈች አንድ መስመር አለች፦ "ባዶ ጠርሙስ 1፣ ከነቡሹ።"

እኔ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። እሷ ስድስት ሌቨል ሙሉ ይዛው ዞራለች።

"ስሙን ጠርቼ ግባ እለዋለሁ" አለች። ደንቡ ምን እንደሚል አላውቅም፣ ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ጣይ አልኳት። ዳይሱን ለቀቀች፣ በዛችው ሰከንድ መብራት ጠፋ፣ ካፌው ሙሉ ጨለማ፣ ዳይሱ ጠረጴዛው ላይ ሲንከባለል ይሰማል። አምስታችንም ስልክ አውጥተን አበራን።

20።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ባርድ፦

ቡሹን ከደነችው ወይስ አልከደነችውም???

ናቲ20፦

በእጇ ይዛ እያሰበች ነው። ለአርብ አሳደርነው።